ልጅ ዕጣ አይጣልበትም

ልጅ ሳለሁ፣ በአባባ እንድሪስ ቤት የተረት ሰዓት እንደ ሶላት ሰዓት የታወቀ ነበር። መግሪብ ተሰግዶ፣ ከብቱ ገብቶ፣ የበረቱ መወርወሪያ ከተዘጋ በኋላ፣ ዒሻ እስኪደርስ ያለው ጊዜ የእሳቸውና የእኛ የልጆቹ ነበር። ቤታቸው ከውጫሌ በላይ፣ በአምባሰል ተረተር ላይ የተሠራ ሰፊ ጎጆ ነው። መካከል ካለው ምድጃ የወይራ ግንድ ቀስ እያለ ይነዳል፤ ጭሱ ወደ ጣራው ይወጣና መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል። ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለችው ኩራዝ ነፋስ በገባ ቁጥር እየተንቀጠቀጠች፣ የአባባን ጥላ በግድግዳው ላይ አንዴ ግዙፍ፣ አንዴ ትንሽ ታደርገዋለች። ጥላቸው እንዲህ ሲዋዥቅ እሳቸው ግን ንቅንቅ አይሉም። ግድግዳ ተደግፈው ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም። ዛሬ ሰዎች «ምነው እንደ በትር ቀጥ አሉ? ትንሽ ደገፍ ይበሉ እንጂ» ሲሉኝ ቅር የማይለኝ፣ ይህን ጀርባ ከማን እንደ ወረስሁት ስለማውቅ ነው።

«ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት!» ብለን የምንጮኸው እኔና ታናሽ እኅቴ ዘሀራ ነበርን። እኔ ያኔ ሰባት ዓመት ገደማ ይሆነኛል። አባባ የአባታችን አባት ናቸው። አባታችን አሊና እናታችን ፋጡማ የሚኖሩት እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከአባባ ቤት በቁልቋል አጥር ብቻ በተለየች ትንሽ ጎጆ ነበር። እናታችን የሐይቅ ልጅ ናት፤ ወንድሞቿ ከውኃው ዳር ከሚያርሱበት መንደር ወደ ደጋ የተዳረች።

በዚያ ዓመት፣ አዝመራው ተሰብስቦ ሲያበቃ፣ በትንሿ ጎጆ ውስጥ ዝምታ ገባ። ጠብ ቢሆን ኖሮ ልጅም ይገባው ነበር፤ ዝምታ ግን ግራ ያጋባል። አባቴ ለእናቴ የሚነግራት ነገር ሁሉ በእኔ በኩል ሆነ። እርሷ እዚያው እጁ ከሚደርስበት ቆማ ሳለ «እናትህን፣ ገበያ መሄዴ ነው በላት» ይለኛል። እርሷም ዘወር ሳትል «አባትህን፣ ምሳው ቀርቧል በለው» ትለኛለች። እኔም ትልቅ ሥራ የተሰጠኝ መስሎኝ መልእክቱን እያመላለስሁ እኮራ ነበር። የተጣሉበትን ምክንያት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱም በሕይወት ሳሉ አልጠየቅኋቸውም፤ የእነሱ ጉዳይ ነበርና።

አንድ ቀን ግን መልእክቱ ከበደ። አባቴ «እናትህን፣ መሄድ መብቷ ነው፤ ልጆቼን ይዛ ግን ከዚህ በር አትወጣም በላት» አለኝ። ገና ወደ እርሷ ሳልዞር «አባትህን፣ እኔ ልጆቼን ጥዬ ወዴት እንደምሄድ ይንገረኝ በለው» አለችኝ። በሁለቱ መካከል ቆሜ ቀረሁ። ያንን ማድረስ አልቻልሁም። አጥሩን ዞሬ አባባ ቤት ገባሁና፣ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥሁ። አባባም አልጠየቁኝም። ብቻ ከመግሪብ በኋላ ሰው ልከው «ዛሬ አሊና ፋጡማም ተረት ይስሙ» አሉ።

መጡ። አባቴ ከእሳቱ ወዲያ፣ እናቴ ከእሳቱ ወዲህ ተቀመጡ።

«ተረት ተረት።»

«የላም በረት!» ያልነው እኔና ዘሀራ ብቻ ነን።

ያን ማታ የተረቱት ስለ አንድ በሬና ስለ አንዲት ላም ነበር። በሬና ላም ተጣሉ። ሣሩን ተካፈሉ፣ ውኃውን ተካፈሉ፣ የዛፉን ጥላ ሳይቀር ተካፈሉ። የቀረችው አንዲት ጥጃ ናት። በሬው «በእኔ ጉልበት ነው ያደገችው» አለ። ላሚቱ «በእኔ ጡት ነው» አለች። በዚህ ቢሉ በዚያ አልስማማ ቢላቸው ጊዜ፣ ፍርድ አዋቂ ነው ወደሚባለው ወደ አያ ጅቦ ሄዱ። አያ ጅቦ ጋቢውን ደርቦ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ክርክሩን አዳመጠ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ እንባውንም ጠረገ።

«ከዚያ ምን አላቸው መሰላችሁ?» አሉ አባባ፣ ድምፃቸውን አጎርንነው። «‹ወላሂ ከባድ ጉዳይ ነው! ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር በጥድፊያ አይፈረድም፤ ሂዱ፣ ምስክር ቁጠሩ፣ ረጋ ብላችሁ ተከራከሩ። ጥጃዋ ግን እስክትስማሙ ድረስ ከእኔ ዘንድ በአደራ ትቀመጥ› አላቸው።»

ዘሀራ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ከዚያስ አባባ?»

«ከዚያማ በሬው ምስክር ሊያመጣ ቆላ ወረደ፤ ላሚቱ ዘመድ ልትጠራ ደጋ ወጣች።»

«ጥጃዋስ?»

«አያ ጅቦ ቤት ናት።»

«በላት?»

«ገና ነው። ክርክሩ አላለቀም» አሉና ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱት። ብልጭታው ወደ ላይ ሲበተን የአባቴን ፊት አየሁት፤ እሳቱን ትኩር ብሎ ያያል። እናቴ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። አባባ ተረት ሳይጨርሱ ሲነሡ ያየሁት ያን ለት ብቻ ነው። በየማታው «ክርክሩ አለቀ ወይ?» ብለን ብንጨቀጭቃቸውም መልሳቸው አንድ ነበር፤ «አላለቀም።» ተረተሩ ላይ ጅብ በጮኸ ቁጥር እኔና ዘሀራ ተያይተን ስለዚያች ጥጃ እናስብ ነበር።

ሰንበት ብሎ የእናቴ ታላቅ ወንድም አጎታችን ይመር ከሐይቅ መጣ፤ የመንደሩ ሽማግሌዎችም ተሰበሰቡ። ፍቺው እንደማይቀር ታውቆ ነበር። የቀረው ንብረት መካፈል ነው። በአገራችን እንደሚደረገው፣ ከአባባ ግቢ ወይራ ሥር የቤቱ ዕቃ ሁሉ ወጥቶ በሁለት ድርሻ ተደለደለ። እህሉ በአክማዳ እየተሰፈረ፣ ቅሉ፣ ማረሻው፣ ቀፎው፣ ቁርበቱ እዚህና እዚያ ተከመረ፤ ፍየሎቹም በሁለት ወገን ታሰሩ። ግልገሏ የምትጠባ አንዲት ፍየል ነበረች፤ አጎቴ ይመር «እሷን ከነግልገሏ ቁጠሯት እንጂ፣ የምትጠባ ከእናቷ ትለያለች እንዴ?» ሲል ሁሉም «እውነት ነው» አሉ። ይህን ከጎጆው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ።

ድርሻው ከተስተካከለ በኋላ ዕጣ ይጣላል። ባልም ሚስትም አንዳንድ ምልክት ለሽማግሌ ይሰጣሉ፤ ምልክቱ የማን እንደ ሆነ ያላየ ሰው ይጠራና አንዱን በአንዱ ድርሻ ላይ፣ ሌላውን በሌላው ላይ ያስቀምጣል። ምልክትህ ያረፈበት ያንተ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅሬታ የለም። እናቴ ከመቀነቷ ክር መዘዘች፤ አባቴ የወይራ ጭራሮ ሰበረ። «ማን ይጣል?» ሲባል አንዱ ሽማግሌ ከጎጆው ጀርባ ብቅ ስል አየኝና «ያውላችሁ! መሐመድ ይጣል፤ ልጅ አያዳላም» አለ።

ክሩንና ጭራሮውን በመዳፌ ይዤ ወደ ሁለቱ ክምር ተጠጋሁ። ያኔ ነው ያየኋት። ዘሀራ ደክሟት ኖሮ፣ እንደ ልማዷ ያው የምንተኛበት ቁርበት ላይ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ ቁርበቱ ደግሞ ከግራው ድርሻ ላይ ነው ያለው። ወደ ቀኙ ተመለከትሁ። አክማዳ፣ ቀፎ፣ ማረሻ፤ ልጅ የለበትም። ሁሉ ነገር እኩል ለእኩል ሲካፈል ውሎ ነበርና ሒሳቡ ወዲያው ገባኝ። ልጆች ሁለት ናቸው፤ ድርሻው ሁለት ነው። ዘሀራ ግራውን ይዛለች። የቀኙ ባዶ ቦታ የእኔ ነው።

ክሩንም ጭራሮውንም ከዘሀራ እግር ሥር አስቀመጥሁና እኔም ቁርበቱ ላይ ከአጠገቧ ተቀመጥሁ።

አጎቴ ይመር ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ ይሄ ልጅ መጣልም አያውቅ! አንዱን ወዲያ አድርግ እንጂ አንተ!»

«መሐመድ፣ ተነሥ!» አለ አባቴ።

«አልነሣም። እኔና ዘሀራን አንድ ላይ ቁጠሩን። ከዚያ የደረስነው ይውሰደን።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ዘሀራ እጄን ይዛ «ለጅቡ ብቻ አትስጡን» አለች።

እናቴ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ሲያዩ አባባ እንድሪስ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ሶሉ ዐለ ነቢ!» አሉ፤ ሁሉም ሰለዋቱን አጉረመረመ። መጥተው ጎንበስ አሉና ክሩንና ጭራሮውን አነሡ፤ ክሩን ለእናቴ፣ ጭራሮውን ለአባቴ መልሰው ሰጧቸው።

«እነዚህ ልጆች ከድርሻው የገቡ መስሏቸዋል» አሉ። «ማን ነው እንዲህ እንዲመስላቸው ያደረገው? እኛው ነን። ስማኝ መሐመድ፤ እህል ዕጣ ይጣልበታል፤ ፍየል ዕጣ ይጣልበታል። ልጅ ዕጣ አይጣልበትም።»

«ታዲያ አባባ» አለ አባቴ ድምፁ እየተሰበረ፣ «ልጆቼ ሐይቅ ወርደው አምባዛ ሲያሳድዱ ይኑሩ?»

«የእኛ ዓሣ ከእናንተ ድንጋይ ይሻላል!» አለ አጎቴ። «ቢያንስ ይቀቀላል።»

«ምን አልህ አንተ የውኃ ዳር—»

«ይኸው!» አሉ አባባ፣ እጃቸውን ወደ ተረተሩ ዘርግተው። «አያ ጅቦ ጆሮውን አቆመ።»

ሁለቱም ዝም አሉ። አባቴ ተረቱን ሰምቶ ነበር፤ አጎቴ ግን አልሰማም፤ የሁሉን ዝምታ አይቶ ነው ዝም ያለው።

አባባ ያን ቀን የተናገሩትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ ብል ማጋነን ይሆናል። ነገሩ ግን ይህ ነበር። ልጆቹ አይለያዩም። ገና እናት የሚሹ ናቸውና መኝታቸው ከፋጡማ ዘንድ ይሁን፤ ሐይቅ ደግሞ ትምህርት ቤት አለ። ትምህርት ሲዘጋና ዒድ ሲደርስ ከአባታቸው ዘንድ ይመጣሉ፤ የሚመጡትም እንግዳ ሆነው አይደለም፣ ወደ ቤታቸው ነው። ወሳጁ መላሽ ይሁን፤ ልጅ ጠብቆ አይቀር። እህላቸውን አባታቸው ያድርስ። የታመመ ልጅ ካለ ማንም ማንንም ሳያስፈቅድ ይምጣ። አንዳችሁም የሌላውን ስም በፊታቸው በክፉ አታንሡ። መልእክትም በእነሱ አትላላኩ፤ «አፍ ሰጥቷችኋል አላህ።»

ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም፤ ግን ከትከሻዬ ላይ አክማዳ የወረደልኝ ያህል ነበር የቀለለኝ።

እናቴ ሻሿን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። የአባባ ቤት ባዶ እንደሚቀር ከእርሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። «አባባ፣ እርስዎስ?» አለቻቸው።

«እኔ እግር አለኝ» አሉ አባባ።

ማታ፣ ከመለያየታችን በፊት፣ ሁላችንም በዚያው ምድጃ ዙሪያ ተቀመጥን። ዘሀራ ገና ጭሱ ዓይኗን ሳያስለቅሳት «ክርክሩ አለቀ?» አለች።

«አለቀ።» አባባ ፈገግ አሉ። «በሬው ምስክር አጥቶ ከቆላ ሲወጣ፣ ላሚቱ ዘመድ አጥታ ከደጋ ስትወርድ፣ መንገድ ላይ ተገናኙ። ተያዩ። ‹ጥጃዋ ከማን ጋር ናት?› ተባባሉ። ከዚያማ ጎን ለጎን ጋለቡ። ሲደርሱ አያ ጅቦ ውኃ አፍልቷል። ‹ተስማምተናል› አሉት። ‹ምኑን ተስማማችሁ? እኔ ገና አልፈረድሁ!› ብሎ ጮኸ። ‹ከአንተ ቤት ልናወጣት ተስማማን፤ የቀረውን መንገድ ላይ እንጨርሰዋለን› ብለውት ይዘዋት ሄዱ። ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ አብሱ!»

እናቴ ለመንገድ የጋገረችውን ዳቦ ቆረሰች። ቁራሹን ለአባቴ አቀበለችው፤ አባቴ ለእኔ፤ እኔ ለአባባ። ያ ዳቦ በሦስት እጅ ሲያልፍ ማንም «በላት»፣ ማንም «በለው» አላለኝም።

ወደ ሐይቅ ወረድን። ቃሉም ተጠበቀ። ክረምት ሲገባ አባቴ በበቅሎ ይመጣል፤ እናቴ ደጃፍ ላይ ውኃ ታቀርብለታለች፤ «እንዴት ከረምሽ»፣ «አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት ከረምህ» ይባባላሉ፤ ከዚያ እንሄዳለን። ወዳጆች አልሆኑም፤ መሆንም አልተጠየቁም። ለከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ደሴ ስገባ ግን ትምህርት ቤቱ ድረስ የሸኙኝ ሁለቱም ናቸው። አባባም እግር እንዳላቸው አሳዩ። በገበያ ቀን ከተረተሩ ወርደው፣ ከእናቴ ቤት ከግድግዳው ራቅ ብለው ይቀመጡና፣ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ኩራዙን ሲያወዛውዘው «ተረት ተረት» ይሉናል።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ዓመት በቤቴ የደረሰው ነው። ልጄ ጀማልና ባለቤቱ ሰዓዳ ተፋቱ። ሰዓዳ ጂዳ ሠርታ የተመለሰች ናት፤ እርሷ እዚያ ሳለች ልጃቸውን ሐያትን ያቆየናት እኔና ባለቤቴ ነን። ጀማል «ልጅቷ ያደገችው በእኛ ቤት ነው» አለ። ሰዓዳ «ታዲያ እኔ ለማን ብዬ ነው አረብ አገር የተንከራተትሁት?» አለች። ጉዳዩ ውጫሌ ፍርድ ቤት ደረሰ። በቀጠሮው ቀን ሰዓዳ ከኮሪደሩ አንድ ጫፍ፣ ጀማል ከሌላው ጫፍ ተቀመጡ፤ ሐያትና እኔ መካከል ካለው አግዳሚ ላይ ነበርን። እግሮቿን እያወዛወዘች ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ እኔ ለማን ደረስሁ?»

ሰው ፊት ከማያለቅሱ ሰዎች አንዱ ነኝ። «ለማንም አልደረስሽም። ልጅ ዕጣ አይጣልበትም» አልኋት። ከዚያም ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ እንዲሰማ አድርጌ «ተረት ተረት» አልሁ። እርሷም ሳቅ ብላ «የላም በረት!» አለች። ሣሩን ተካፈሉ፣ ውኃውን ተካፈሉ፣ አያ ጅቦ ዘንድ ሄዱ፤ ጥጃዋ በአደራ ተቀመጠች፤ እዚያ ላይ ስደርስ አቆምሁ።

«ከዚያስ?»

«ክርክሩ አላለቀም» አልሁ፣ ወደ ማንም ሳልዞር።

ሰዓዳ ናት መጀመሪያ የተነሣችው። «ኧረ አባባ፣ በእኛ ነው እንዴ የሚተርቱብን?» አለች፣ እንባና ሳቅ እየተናነቃት። ጀማል ግን አንገቱን እንደ ደፋ ነበር። ያን ቀን አልተስማሙም፤ ተረት በአንድ ቀን ይሠራል የሚል ካለ ተረት ሰምቶ አያውቅም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ዳኛዋ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ረጋ ያለች ሴት ናት። የተስማሙበትን መርምራ አጸደቀችላቸው። ሐያት ከእናቷ ዘንድ ትኖራለች፤ ጁምዓና ትምህርት ሲዘጋ ከአባቷ ዘንድ ትሆናለች፤ ዒድን ይፈራረቁበታል፤ ቀለቧን አባት ይሰጣል፤ ስለ ትምህርቷና ስለ ጤናዋ ሁለቱም ይወስናሉ፤ የወሰዳት ይመልሳታል። ከዚያ ቀና ብላ «እናቲቱ አሳዳጊ ተባለች ማለት ልጅቷ የእርሷ ንብረት ሆነች ማለት አይደለም፤ መኝታዋ እዚያ ነው ማለት ነው። አባትነቱ አልተቀነሰም» አለች። እኔ ግን የምሰማው ሌላ ድምፅ ነበር፤ ከወይራው ሥር፣ ክርና ጭራሮ በእጁ ይዞ የቆመ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ። ችሎቱ ሲያበቃ ምን እንዳደረግሁ ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ጀርባዬን ወደ ኋላ አድርጌ ግድግዳው ላይ አሳረፍሁት። ለካ ግድግዳ መልካም ነገር ኖሯል።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ አመሻሹ ላይ፣ ለጁምዓዋ፣ ጀማል በባጃጅ ያመጣታል። ምድጃ የለንም፤ ኩራዝም የለም፤ መብራት ሲጠፋ የእጅ ስልኩን እናበራለን። ግን ከመግሪብ በኋላ፣ ዒሻ እስኪደርስ፣ ያው ነው። ተረቱን ጨርሼላታለሁ፤ እርሷ ግን ልጅ ናትና ጨርሰህም አይበቃትም።

«አባባ፣ ጥጃዋን ከወሰዷት በኋላ ጅቡስ ምን ሆነ?»

አባባ እንድሪስ ይህን አልነገሩንም፤ እኔና ዘሀራም አልጠየቅናቸውም። ከጭሱና ከፍሙ፣ ከእሳቸውም ድምፅ ጋር ለዚህ ሁሉ ዘመን አብሮኝ የኖረው ተረት ይህ አንድ ስንጥቅ ብቻ ነበር የቀረው። እኔም በቤቴ፣ በልጄና በልጅ ልጄ ፊት የመድፈን ተራው ስለ ደረሰኝ ደፈንሁት።

«እሱማ» አልኋት፣ «ውኃውን እንዳፈላ ጾሙን አደረ።»